ከ54ቱ ምሳዎች እስከ ቤተ መንግሥቱ ማዕድ፦ ጆኮ ዊዶዶ ከከንቲባነት እስከ ፕሬዚዳንትነት

ክቡራትና ክቡራን፣

ሶሎ በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት መካከል የምትገኝ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። የመዝገብ ስሟ ሱራካርታ ነው። በ2005 ሥልጣን የያዙት ከንቲባ (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጎዳና ነጋዴዎችን ተወካዮች ወደ መኖሪያቸው ምሳ ጠሩ። ነጋዴዎቹ የመጡት ለጠብ ተዘጋጅተው ነው። ከቦታችን ብትነኩን ማዘጋጃ ቤቱን እናቃጥላለን ብለው ዝተዋል። ዛቻው ባዶ አልነበረም፤ ያ ማዘጋጃ ቤት በ1999 በፖለቲካ ቁጣ በእርግጥ ተቃጥሏል። ምሳው ቀረበ፣ ተበላ። ከንቲባው ስለ ኑሮና ስለ ገበያ ጠየቁ፣ አመስግነው ሸኟቸው። ስለ መነሳት አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሌላ ቀን ደግመው ጠሯቸው፤ አሁንም ተበላ፣ አሁንም ምንም አልተባለም። እንዲህ እየተባለ ሰባት ወር ያህል ሄደ። ከንቲባው «ከዚህ ልትነሱ ነው» ያሏቸው በ54ኛው ምሳ ላይ ነበር።

እኚህ ከንቲባ ጆኮ ዊዶዶ ናቸው፤ አገሬው በአጭሩ ጆኮዊ ይላቸዋል። ያ ግብዣ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ፣ በሕዝብ ብዛት ከዓለም አራተኛ የሆነችው አገር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለ እሳቸው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ትረካ «ትሑት ነበሩ፤ ሥልጣን ለወጣቸው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ጆኮዊ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተጠቀሙት አንድ ዘዴ ነው፤ ሊያሸንፉት የሚፈልጉትን ሰው ማዕድ ላይ ያስቀምጡታል። የተለወጠው በማዕዱ ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ነው። ይህን ለማሳየት የሶሎውን ጉዳይ በዝርዝር ላቀርብ፣ ከዚያ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ምን እንደጎደለ ልከታተል እፈልጋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሰውዬው እንነሳ። ጆኮዊ በ1961 ሶሎ ተወለዱ። አባታቸው እንጨትና ቀርከሃ የሚሸጡ ሰው ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከወንዝ ዳር ቤቱ በተደጋጋሚ እንዲነሳ ተደርጓል። በዮግያካርታ ጋጃ ማዳ ዩኒቨርሲቲ የደን ሳይንስ ተምረው በ1985 ተመረቁ፣ አቼ ውስጥ በአንድ የወረቀት ፋብሪካ ሠሩ፣ በ1988 የራሳቸውን የቤት ዕቃ ድርጅት አቋቋሙና ለውጭ ገበያ ማምረት ጀመሩ። ይህን ሙያ አልፈን እንዳንሄድ። ለውጭ ገበያ ወንበር የሚያመርት ሰው ዕቃው በተባለው ልክ፣ በተባለው ቀን ካልደረሰ ገንዘብ አያገኝም። ስለዚህ ሠራተኛው የነገረውን ብቻ አያምንም፤ ወርክሾፕ ወርዶ መጋጠሚያውን በእጁ ይነካል። በኋላ በከንቲባነታቸው ዘመን «ብሉሱካን» በሚል የጃቫ ቃል የታወቀው ሳይታሰብ ሰፈር ውስጥ ገብቶ የማየት ልማዳቸው ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል።

ሌላው ሥር ሕጉ ነው። የሱሃርቶ አገዛዝ በ1998 ከወደቀ በኋላ በ1999 የወጡት የሥልጣን ክፍፍል ሕጎች ከ2001 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውሉ፣ ብዙው ሥልጣንና በጀት የወረደው ለክፍለ አገሮች ሳይሆን በቀጥታ ለከተሞችና ለወረዳዎች ነው። እስከ 2004 ድረስ ግን ከንቲባን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነበር፤ ከንቲባ መሆን የፈለገ ሰው ከጥቂት ደርዘን የምክር ቤት አባላት ጋር መስማማት ይበቃው ነበር። በ2004 የወጣው ሕግ ምርጫውን ለነዋሪው ሰጠ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀጥተኛ ምርጫዎች በሰኔ 2005 ተካሄዱ። ጆኮዊ የገቡት በዚያ በር ነው። ያገኙት ድምፅ 36.62 በመቶ ብቻ ነበር። ምክትላቸው ፍራንሲስኩስ ሃዲ ሩድያትሞ የቀድሞዋ ፕሬዚዳንት የሜጋዋቲ ሱካርኖፑትሪ ፓርቲ የከተማው መሪ ነበሩ፤ የፓርቲው መዋቅር ከእሳቸው ጋር መጣ። ሕጉ ባይለወጥ ኖሮ አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ያን ወንበር ያገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

አሁን ወደ ባንጃርሳሪ። ባንጃርሳሪ በከተማዋ መካከል ያለ የነፃነት ትግል መታሰቢያ መናፈሻ ነው። ከ1998ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሥራ ያጡ ሰዎች እየሰፈሩበት 989 ነጋዴዎች ሞሉት። የሚሸጡት ያገለገለ ዕቃ ነው፤ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ፣ አሮጌ ስልክ፣ መሣሪያ፣ ቁርጥራጭ ብረት፣ ምናለሽ ተራ ላይ የምናየው ዓይነት። በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች በጩኸቱና በቆሻሻው ተማረዋል። ከዚያ በፊት የነበሩ አስተዳደሮችም ሊያነሷቸው ሞክረው አልሆነላቸውም።

የተለመደው አካሄድ የታወቀ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቀነ ገደብ ይሰጣል፣ ሌሊት ደንብ አስከባሪ ይሰማራል፣ ሸራው ይፈርሳል፣ ዕቃው ይጫናል። በሳምንቱ ነጋዴው ይመለሳል። የሚመለሰው ደንበኛው እዚያው ስላለ ነው፤ ድፍረት ወይም እልህ ብቻ አይደለም። ደንበኛው የሚመጣበት መንገድ እስካልተቀየረ ድረስ ነጋዴ የትም ቢወሰድ ወደዚያው መንገድ ይመለሳል። ይህን ያልተረዳ አስተዳደር በየወሩ ያንኑ ሸራ ሲያፈርስ ይኖራል።

ጆኮዊ ከምሳዎቹ ያገኙት የመጀመሪያ ነገር መረጃ ነው። 11 አስተባባሪዎችን በመጥራት ተጀመረ፤ ቆይቶ ማን በእርግጥ እንደሚደመጥ፣ ማን ለሌላው እንደሚናገር፣ ማን ምን እንደሚፈራ ግልጽ ሆነ። የነጋዴዎቹ ፍርሃት አንድ ነበር፦ ገበያ ማጣት። ስለዚህ በ54ኛው ቀን «ትነሳላችሁ» ሲባሉ አልተቃወሙም፤ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ላይ ድርድር ተደረገና ስምምነቱ እንዲህ ሆነ።

በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ሴማንጊ ሰፈር ውስጥ ኖቶሃርጆ የተባለ ገበያ ተሠራ። ለእያንዳንዱ ነጋዴ ሱቁ በነፃ ተሰጠ፤ የሚከፈለው በየቀኑ የሚሰበሰብ አነስተኛ የገበያ ክፍያ ብቻ ነው። ቀጥሎ የንግድ ፈቃድና የምዝገባ ወረቀት፣ እሱም በነፃ። ይህ ወረቀት ከሱቁ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ትናንት ሕገ ወጥ የነበረ ሰው ዛሬ ባንክ ሄዶ ብድር መጠየቅ ይችላል፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣም አይሮጥም። ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ እንዲሰፋና የሚኒባስ መስመር እስከዚያ እንዲዘልቅ ተደረገ። በአካባቢው ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ላይም ለአራት ወር ማስታወቂያ ተነገረ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ብቻ ይወራል፤ እኔ ግን የሁሉም ቁልፍ ይመስለኛል። ሐምሌ 23 ቀን 2006 ሁሉም ነጋዴዎች በአንድ ቀን ሄዱ። በጃቫ የባህል ልብስ፣ በቤተ መንግሥት ወታደሮች ታጅበው፣ በሾጣጣ ቅርጽ የተቆለለ የበዓል ሩዝ ይዘው፣ ከተማው መንገድ ዳር ቆሞ እያየ በሰልፍ ተጓዙ። ሰልፉ ሁለት ሥራ ሠርቷል። አንደኛ፣ የተባረረ ሰው መስሎ መሄድን አስቀርቶ ክብር ሰጠ። ሁለተኛ፣ ገበያተኛው ዕቃው ከነገ ጀምሮ የት እንደሚገኝ በአንድ ቀን አወቀ። ግማሹ ሄዶ ግማሹ ቢቀር ኖሮ ደንበኛው በቀሩት ይረካ ነበር፤ የሄዱትም በሁለት ሳምንት ተመልሰው ይመጡ ነበር። የደንብ አስከባሪዎቹ ዱላና ጋሻ በዚያ ዘመን መጋዘን ተቆልፎበት ነበር፤ መሪ ሆነው የተሾሙላቸውም ሴት ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ገበያው፣ ፈቃዱ፣ የሚኒባስ መስመሩ፣ መንገዱ፣ ደንብ አስከባሪው፣ ማስታወቂያው ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ያሉ ነገሮች ነበሩ። ከንቲባው በምሳ ላይ ቃል የገቡትን ለመፈጸም ሌላ ሰው መለመን አልነበረባቸውም። በምሳ የተገኘ እምነት የጸናው ቃሉ ከንግግር በኋላ በመሬት ላይ ስለታየ ነው። ምሳ ብቻውን 989 ሰው አያነሳም።

የቀረውን የሶሎ ሥራ በፍጥነት ላልፈው። መታወቂያ ለማውጣት ሳምንታት ይወስድ የነበረው ወደ አንድ ሰዓት ወረደ፤ የፈቃድ አሰጣጥ በአንድ መስኮት ተሰበሰበ፤ ባህላዊ ገበያዎች ታደሱ። አንድ አሮጌ የበረዶ ፋብሪካ ፈርሶ የገበያ ማዕከል እንዲሆን ክፍለ አገሩ ሲፈልግ ከንቲባው እምቢ አሉ፤ ከአገረ ገዥው ጋር በአደባባይ ተጋጩ፤ ነዋሪው ከከንቲባው ጋር ቆመ። በ2010 ዳግም ሲወዳደሩ 90.09 በመቶ አገኙ። ከ36 ወደ 90፣ በአምስት ዓመት። በጥር 2012 ደግሞ የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተሳተፉበትን ኢሴምካ የተባለ መኪና የሥራ መኪናቸው አደረጉት። መኪናው በየካቲት የጭስ ልቀት ፈተናውን ወደቀ፤ ስማቸውን ግን አገር ሁሉ ሰማ። እዚህ ላይ ወደፊት የሚያሳስብ ምልክት ይታየኛል፤ ምስሉ ከዕቃው ቀድሞ ሄደ።

በዚያው ዓመት ወደ ጃካርታ መጡ። ያመጧቸው ሁለት ፓርቲዎች ናቸው፦ የሜጋዋቲ ፓርቲና የቀድሞው ጄኔራል የፕራቦዎ ሱቢያንቶ ፓርቲ ጌሪንድራ። ፕራቦዎ ለዚህ ዘመቻ ከልባቸው ሠርተዋል፤ ይህን ስም ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው ይከተለናል። ምክትል ዕጩው ቻይናዊ ዝርያ ያላቸው ክርስቲያን ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ ወይም አሆክ ነበሩ። መስከረም 20 ቀን 2012 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ሥልጣን ላይ የነበሩትን አገረ ገዥ ፋውዚ ቦዎን በ53.82 በመቶ አሸነፉ። ጃካርታ በሕግ ክፍለ አገር ስለሆነች ሹመቱ አገረ ገዥ ይባላል እንጂ ሥራው የከንቲባ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ነው፤ ከሶሎ ሃያ ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሕዝብ፣ በ2013 ወደ 50 ትሪሊዮን ሩፒያ የሚጠጋ በጀት፣ 44 ክፍለ ከተሞችና 267 ቀበሌዎች።

የማዕዱ ዘዴ እዚህም ተሞከረ። በሰሜን ጃካርታ የፕሉይት ማጠራቀሚያ ኩሬ ወደ 80 ሄክታር ቢሆንም ደለልና ሰፈራ አጥብቦት ነበር። በጥር 2013 ጎርፉ የከተማዋን መሃል ሲያጥለቀልቅ ኩሬውን መጥረግ የግድ ሆነ። ጆኮዊ ከሰፋሪዎቹ ጋር ምሳ በሉ፤ ዳርቻው ተጠረገ፤ ብዙ ቤተሰቦች ወደ መንግሥት የኪራይ አፓርትመንት ተዛወሩ። ቤቱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን አፓርትመንቶቹ ከቀድሞ ሥራቸው የራቁባቸው ሰዎች ችግር ላይ ወደቁ፤ ዓሣ የሚሸጥ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ በቀን ሥራ የሚኖር ሰው መኖሪያና ሥራው ሲራራቁ የትራንስፖርቱ ወጪ ገቢውን ይበላዋል። ነጋዴ ሲነሳ ደንበኛው እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ነዋሪ ሲነሳም ሥራው አብሮ መታሰብ አለበት።

የታናህ አባንግ ጉዳይ ደግሞ ከባንጃርሳሪ ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው ነው። ታናህ አባንግ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከታወቁት ግዙፍ የጨርቃ ጨርቅ ገበያዎች አንዱ ነው። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ያለው መንገድ በነጋዴ ተዘግቶ መኪና አያሳልፍም ነበር። በነሐሴ 2013 ነጋዴዎቹ እንዲነሱ ተደረገና «ብሎክ ጂ» ወደተባለ የገበያ ሕንፃ የላይኛ ፎቆች ገቡ። ሕንፃው መስከረም 2 ተመረቀ፤ ለስድስት ወር ኪራይ አይከፈልም ተባለ። መንገዱ ተከፈተ፣ ጋዜጦች አሞገሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከላይ ያሉት ሱቆች መዘጋት ጀመሩ፤ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ተመለሱ።

ምን ጎደለ? ኪራዩ ነፃ ነበር፣ እንደ ሶሎ። ነገር ግን ገበያተኛው ከባቡር ወርዶ የሚሄደው በመሬት ነው፤ ሁለትና ሦስት ፎቅ ወጥቶ ርካሽ ሸሚዝ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ሕንፃው ሲከፈት ደግሞ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አልነበረውም። ከጣቢያው ወደ ሕንፃው የሚያገናኝ ድልድይ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በጊዜው አልተሠራም። በሶሎ የደንበኛው መንገድ ከነጋዴው ጋር አብሮ ተንቀሳቅሷል፤ በጃካርታ ነጋዴው ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ሌላው ጊዜ ነው። ሶሎ ላይ ሰባት ወር ተበላ፤ እዚህ ከኢድ በዓል በኋላ በሳምንታት ውስጥ አለቀ። በሶሎ ከንቲባውን የሚከተለው የከተማው ጋዜጣ ነበር፤ ጃካርታ ላይ በየቀኑ የአገሩ ቴሌቪዥን ይከተላቸው ነበር፤ ቴሌቪዥን ደግሞ የ54 ምሳ ትዕግሥት የለውም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን የሁለቱን ገበያዎች ታሪክ ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ተመሳሳይ መፋጠን በጤና ካርዱ ላይም ታየ። ኅዳር 10 ቀን 2012፣ ሥልጣን በያዙ በወሩ፣ ለነዋሪው ነፃ ሕክምና የሚሰጥ ካርድ ተጀመረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ለዓመታት ሆስፒታል ያልሄደ ድሃ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወጣ። የአልጋው፣ የሐኪሙ፣ በተለይም የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ቁጥር ግን ያው ነበር። በግንቦት 2013 መንግሥት የሚከፍለን ወጪያችንን አይሸፍንም ያሉ 16 የግል ሆስፒታሎች ከፕሮግራሙ ለመውጣት አሰቡ፤ በድርድር ብዙዎቹ ቆዩ። በር ከመከፈቱ በፊት ቤቱ መስፋት ነበረበት።

ከጃካርታው ዘመን በሙሉ ልብ የማመሰግነው የሹመቱን ሥራ ነው። የቀበሌና የክፍለ ከተማ ኃላፊነቶች በፈተና ለውድድር ክፍት ሆኑ። በዚህ መንገድ ሌንቴንግ አጉንግ በተባለ ሰፈር አንዲት ክርስቲያን ሴት ኃላፊ ሲሾሙ ሰልፍ ተወጣባቸው፤ ይነሱልን ተባለ። ጆኮዊ አልነካትም አሉ፤ መመዘኛው ሥራ እንጂ ሃይማኖት አይደለም ብለው ጸኑ። የጃካርታ የመሬት ውስጥ ባቡር ግንባታም ለዓመታት በወረቀት ላይ ከቆየ በኋላ ጥቅምት 10 ቀን 2013 ተጀመረ። በመጋቢት 2019 ሲከፈት 15.7 ኪሎ ሜትርና 13 ጣቢያዎች ነበሩት።

ከአምስቱ ዓመት የሥራ ዘመን ሁለቱን ብቻ እንደሠሩ ወደ ፕሬዚዳንትነት ተጠሩ። «ተጠሩ» ያልኩት አስቤ ነው። በጊዜው በነበረው የኢንዶኔዥያ ሕግ አንድ ፓርቲ ወይም ጥምረት ከምክር ቤቱ መቀመጫ 20 በመቶ፣ ወይም ከአገሪቱ ድምፅ 25 በመቶ ከሌለው ዕጩ ማቅረብ አይችልም ነበር። ሕዝብ የወደደው ሰው የፓርቲ ባለቤት ካልፈቀደለት ወረቀቱ ላይ ስሙ አይወጣም። ፈቃዱን በመጋቢት 2014 የሰጡት ሜጋዋቲ ናቸው። ፓርቲያቸው ከ560 መቀመጫ ያገኘው 109 ነው፤ ከ20 በመቶው ጥቂት ጎደለ፤ ሌሎች ፓርቲዎች መጨመር ነበረባቸው። በሶሎ ከንቲባው ራሳቸው ጋባዥ ነበሩ። እዚህ ግን የሌላ ሰው እንግዳ ሆኑ። ሜጋዋቲ በሚያዝያ 2015 በባሊ በተካሄደው የፓርቲያቸው ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን የፓርቲ ሠራተኛ አድርገው ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ሰማ።

ሐምሌ 9 ቀን 2014 በተደረገው ምርጫ ጆኮዊ 53.15 በመቶ አግኝተው አሸነፉ። የተሸነፉት ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ጃካርታ ያመጧቸው ፕራቦዎ ናቸው። ነገር ግን የፕራቦዎ ጥምረት በምክር ቤቱ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ መቀመጫ ያዘ። በመስከረም 26 ደግሞ ተሰናባቹ ምክር ቤት የከንቲባዎችንና የአገረ ገዥዎችን ቀጥተኛ ምርጫ የሚሽር ሕግ አጸደቀ፤ ጆኮዊን የፈጠረው በር ሊዘጋ ነበር። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ በአስቸኳይ ድንጋጌ መለሱት እንጂ።

አዲሱ ፕሬዚዳንት መጀመሪያ የያዙት ከባዱን ነው። በኅዳር 2014 ድጎማ ያለውን ቤንዚን በሊትር ከ6,500 ወደ 8,500 ሩፒያ፣ ናፍጣን ከ5,500 ወደ 7,500 ከፍ አደረጉት። የተረፈው ገንዘብ ወደ መንገድ፣ ወደብና ግድብ ሄደ፤ የጃካርታው የጤናና የትምህርት ካርድ በአገር ደረጃ ተሠራ። በታኅሣሥ 2018 ጃካርታንና ሱራባያን የሚያገናኘው የክፍያ መንገድ ተቀጠለ። ይህ ሥራ የከንቲባ ልማድ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ቀኑን መቁረጥ፣ ቦታው ድረስ መሄድ፣ ካልተሠራ ደግሞ መመለስ።

ብሉሱካን ግን ተለወጠ። ከንቲባ ሳይታወቅ ገበያ ሊገባ ይችላል። ፕሬዚዳንት አይችልም፤ ጥበቃ ቀድሞ ይሄዳል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ የሚያነጋግሩት ሰዎች ቀድመው ይለያሉ። ከ500 በላይ ወረዳዎችና ከተሞች ባሉበት አገር በአካል ሄዶ ማየት የመረጃ ምንጭነቱ አብቅቶ የፎቶ ሥነ ሥርዓት ይሆናል። መረጃ በሌላ ቧንቧ መምጣት ነበረበት፤ በነፃ ጋዜጣ፣ በምክር ቤት ክርክር፣ በተቃዋሚ። በጣም የሚያሳዝነኝ እነዚህ ቧንቧዎች በዚያው ዘመን መጥበባቸው ነው።

ምክንያቱ ማዕዱ ነው። ጆኮዊ ምክር ቤቱ ውስጥ የቆመባቸውን ተቃውሞ የፈቱት በሶሎው ዘዴ ነው፤ ተቃዋሚውን ወደ ቤት መጥራት። ተራ በተራ ፓርቲዎቹ ገቡ፤ በ2016 ጥምረታቸው ከመቀመጫው ሁለት ሦስተኛ አለፈ። በ2019 ፕራቦዎን ዳግም በ55.50 በመቶ አሸነፉና በጥቅምት የመከላከያ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በ2021 አንድ ፓርቲ ሲጨመር ከ575 መቀመጫ 471 በመንግሥት ወገን ሆነ። በሶሎ ነጋዴው ከማዕዱ ይዞት የሄደው ሱቅ፣ ወረቀትና የሚኒባስ መስመር ነው። በጃካርታ ቤተ መንግሥት ፓርቲው ይዞት የሚሄደው ሚኒስቴር ነው። ነጋዴው ከምሳው በኋላ ቅሬታውን ይዞ መመለስ ይችል ነበር፤ የፓርቲ መሪ ግን ሚኒስቴር ከያዘ በኋላ ቅሬታ የለውም።

ውጤቱ በሕግ አወጣጡ ላይ ታየ። በመስከረም 2019 የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን ነፃነት የሚቀንስ ማሻሻያ በምክር ቤቱ አለፈ፤ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በኬንዳሪ ከተማ ሁለቱ ሞቱ። በጥቅምት 2020 ከ70 በላይ ሕጎችን በአንድ ጊዜ የሚያሻሽል የሥራ ፈጠራ ሕግ ጸደቀ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በኅዳር 2021 የአወጣጡ ሥርዓት ጉድለት አለበት ብሎ በሁለት ዓመት እንዲታረም አዘዘ። ዋና ከተማውን ከጃካርታ ወደ ምሥራቅ ካሊማንታን፣ ወደ ኑሳንታራ የሚያዛውረው ሕግ ደግሞ በጥር 2022 ሲጸድቅ በምክር ቤቱ የቆየው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። 989 የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ሁለት ሰፈር ለማዛወር ሰባት ወር፤ የአንድን አገር ዋና ከተማ ባሕር አሻግሮ ለማዛወር ስድስት ሳምንት።

ሕዝቡ ግን አልራቃቸውም። በሥልጣናቸው ማብቂያ አካባቢ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ከ70 በመቶ በላይ ድጋፍ ያሳዩ ነበር። መንገዱ ተሠርቷል፣ ካርዱ ይሠራል፣ የምግብ ርዳታው ይደርሳል። ይህን ድጋፍ የማታለል ውጤት ነው የሚሉ ሰዎች የሶሎን ገበያ ያላዩ ይመስሉኛል። ሰው መንግሥትን የሚለካው በሚደርሰው ነገር ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከከንቲባነት ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የጆኮዊ ታላቅ ልጅ ጊብራን ራካቡሚንግ ራካ በየካቲት 2021 የሶሎ ከንቲባ ሆኑ፤ ያን ወንበር በመካከሉ ይዘውት የቆዩት የአባታቸው የቀድሞ ምክትል ሩድያትሞ ነበሩ። ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩነት ሕጉ 40 ዓመት ይጠይቅ ነበር፤ ጊብራን በ2023 ገና 36 ነበሩ። ጥቅምት 16 ቀን 2023 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከ40 በታች የሆነ ሰውም በምርጫ የክልል ወይም የከተማ መሪ ሆኖ ከሠራ መወዳደር ይችላል ሲል ወሰነ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አንዋር ኡስማን የጆኮዊን እህት ያገቡ ናቸው፤ በኅዳር 7 የሥነ ምግባር ጉባኤው ከሰብሳቢነት አነሳቸው፤ ውሳኔው ግን ጸና። በ2005 ተራ ነጋዴን ወደ ከተማ ወንበር ያስገባው የቀጥታ ምርጫ፣ በ2023 ከዚያው ወንበር ወደ ቤተ መንግሥት የሚያሻግር ልዩ በር ሆነ፤ በሩን የከፈተው ግን መራጩ አልነበረም።

ፍርድ ቤቱ በወሰነበት በዚያው ወር፣ ጥቅምት 30፣ ጆኮዊ ሦስቱን የፕሬዚዳንት ዕጩዎች በቤተ መንግሥት ምሳ ጋበዙ። ፕራቦዎ፣ ጋንጃር ፕራኖዎና አኒየስ ባስዌዳን በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። የጋባዡ ልጅ ከእንግዶቹ የአንዱ ምክትል ዕጩ ነበር። የካቲት 14 ቀን 2024 ፕራቦዎና ጊብራን በ58 በመቶ ተኩል ድምፅ አሸነፉ።

ጥቅምት 20 ቀን 2024 ጆኮዊ ሥልጣኑን ለፕራቦዎ አስረከቡ፤ በ2012 ወደ ጃካርታ ላመጧቸው፣ ሁለት ጊዜ ላሸነፏቸው፣ አምስት ዓመት በካቢኔያቸው ላስቀመጧቸው ሰው። በዚያው ቀን በአውሮፕላን ወደ ሶሎ ተመለሱ። በታኅሣሥ 16 በ2005 ለከንቲባነት፣ በ2014 ለፕሬዚዳንትነት ያቀረባቸው የሜጋዋቲ ፓርቲ ከአባልነት አሰናበታቸው፤ ልጃቸውንም አብሮ። ባንጃርሳሪ ዛሬ መናፈሻ ነው። ኖቶሃርጆ ላይ የሞተር ብስክሌት መለዋወጫ አሁንም ይሸጣል።